ቦብ ስሚዝ ጓደኛዎ መሆን ይፈልጋል

ቦብ ስሚዝ የሚባል ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ቴኔሲ ግዛት ውስጥ፣ ሜምፊስ ከተማ። ፌስቡክ ላይ ነጭ እንዳልሆነ ይናገራል። የፖሊስን አሠራር ከሚቃወሙት የከተማዋ አክቲቪስቶች ከብዙዎቹ ጋር ጓደኛ ነው። የሚለጥፉትን ያያል። «ለጓደኛ ብቻ» ብለው የጻፉትንም ያያል። ሰልፉ የት እንደሚጀመር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ሁሉም ዓይኑ ሥር ያልፋል።

ችግሩ ቦብ ስሚዝ የሚባል ሰው የለም። አካውንቱን የሚያንቀሳቅሰው የሜምፊስ ፖሊስ መምሪያ ሳጅን ነበር።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን የራሴን ስልክ አወጣሁና የጓደኝነት ጥያቄዎቼን ከፈትኩ። አንዱ ጋ የጽጌረዳ ፎቶ አለ። ስሙን አላውቀውም። ከሥሩ «23 የጋራ ጓደኞች» ይላል። እኛ ሐበሾች ደግሞ የጋራ ጓደኛ ካየን አለቀ፤ «የነእገሌ ሰው ነው» ብለን እናስገባለን። 23ቱም እንደዚያው ብለው ያስገቡት መሆኑ ትዝ አይለንም።

(ከመቀጠሌ በፊት፦ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ሜምፊስ ይህን ያደረገችው የሚከለክላት ጠፍቶ አይደለም። እንዲያውም የስለላን ጣጣ ቀድማ የቀመሰች ከተማ ናት። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሎሬን ሞቴል ሰገነት ላይ በጥይት ሲመቱ፣ ሮጠው አጠገባቸው ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ፣ የጥቁር ወጣቶች ቡድን አባል መስሎ የገባ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ነበር። በ1976 ደግሞ ፖሊስ በዜጎች ላይ የፖለቲካ ፋይል እንደሚያጠራቅም ታወቀ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ ከንቲባው ፋይሎቹ እንዲቃጠሉ አዘዙ፤ ተቃጠሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ከተማዋ በፍርድ ቤት ፊት ስምምነት ፈረመች፦ መብታቸውን ተጠቅመው በሚናገሩና በሚሰበሰቡ ሰዎች ላይ ፖለቲካዊ መረጃ አልሰበስብም አለች።

ከዚያ 40 ዓመት አለፈ። በ2017 የከተማው ማዘጋጃ ቤት በር ላይ አንድ ዝርዝር ተገኘ። ስማቸው እዚያ ላይ ያለ ሰዎች ሕንጻው ውስጥ ያለ ፖሊስ አጀብ መንቀሳቀስ አይችሉም። ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ አክቲቪስቶች ነበሩ። «እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ክስ ወለደ፤ ክሱ ደግሞ ቦብ ስሚዝን ጎትቶ አወጣው። በ2018 የፌዴራሉ ዳኛ ከተማዋ የ1978ቱን ስምምነት ጥሳለች ብለው ፈረዱ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ገለልተኛ ሰውም ሾሙ። ከውሳኔው ውስጥ እኔን የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ከተማዋ ስለ ስምምነቱ ለፖሊሶቿ በወጉ አላስተማረችም ነበር። የታሰረችበት ውል መሳቢያ ውስጥ አቧራ ይጠጣል፤ ሳጅኑ ደግሞ ፎቅ ላይ ቦብን ያጫውታል።

ፌስቡክም በዚያው ዓመት ለሜምፊስ ፖሊስ ደብዳቤ ጻፈ። በሌላ ሰው ስም አካውንት መክፈት ለማንም አይፈቀድም፣ ለፖሊስም ጭምር፣ አለ። ቦብ ስሚዝን ዘጋ። ከሱ ጋር ሌሎች ስድስት አካውንቶችን ዘጋ።

አጥሩ ውጭና አጥሩ ውስጥ

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ትከሻውን ይነቀንቃል። «ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከለጠፍክ ለጠፍክ ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል። ግማሹ ልክ ነው። ገጽህ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ፖሊስም «ሁሉም» ውስጥ አለ። መንገድ ላይ ጮክ ብለህ ያወራኸውን አላፊ አግዳሚ እንደሚሰማው ማለት ነው። ለዚያ የፍርድ ቤት ማዘዣ አያስፈልገውም፣ በአብዛኛው የሚከለክለው ሕግም የለም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ከአጥሩ ውስጥ ነው። ለጓደኞችህ ብቻ ብለህ የጻፍከው ላይ።

በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ የወሰኑት ነገር ነበር። ተከሳሹ ፕሮፋይሉን ዘግቶታል። ከፌስቡክ ጓደኞቹ አንዱ ግን ከመንግሥት ጋር ተባበረና ያየውን አሳየ። ዳኛው ለጓደኞችህ ስትሰጥ እነሱ ለማን እንደሚያሳዩት መቆጣጠር አትችልም፤ ስለዚህ መብትህ አልተነካም አሉ። ሕጉን ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ነው የሚታየኝ፦ ቤትህ ድግስ ደግሰሃል፣ በሩ ዝግ ነው፣ የጠራኸውን ብቻ ነው የምታስገባው። ከተጠሩት አንዱ ግን የበላውንም የሰማውንም ይዞ ጣቢያ ይሄዳል። ሕጉ «ጋባዡ ራስህ ነህ» ይልሃል።

ይህ አስተሳሰብ ሥሩ ከኢንተርኔት ይቀድማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ስለ ባንክ ሰነድ፣ በ1979 ስለ ተደወለ ስልክ ቁጥር ወስኗል። በፈቃድህ ለሌላ ወገን አሳልፈህ የሰጠኸው መረጃ የአንተ ብቻ መሆኑ ቀርቷል ነው ነገሩ። ያኔ ለሌላ ወገን የምትሰጠው የባንክ ደብተርህንና የስልክ ቢልህን ነበር። ዛሬ ግን የምትሰጠው ሠርግህን፣ ለቅሶህን፣ የሌሊት ንዴትህን ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2018 ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ፖሊስ የአንድን ሰው የ127 ቀን የስልክ ሎኬሽን ያለ ማዘዣ መውሰዱን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አልፈቀደም። ስለ ፌስቡክ ጓደኛ ግን ያለው ነገር የለም።

ስለዚህ ቦብ ስሚዝ በአብዛኛው ወንጀለኛ አይደለም። የድርጅቱን ደንብ ነው የጣሰው። ፌስቡክ ሊያባርረው ይችላል፤ ዳኛ ግን ሁልጊዜ አያስቆመውም። ሜምፊስ የተቀጣችው ያ አሮጌ ስምምነት ስለነበረባት ነው። እንደዚያ ያለ ውል የሌለባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው።

ካርዷ

ሎስ አንጀለስ እንሂድ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከተማዋ ራሷ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችው ሰፈር አለ። ክትፎው ይሸታል፣ ቡናው ይሸታል። እንበልና አንድ የኛ ልጅ ማታ ከዚያ ወጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው። አልታሰረም፣ አልተከሰሰም። ፖሊሱ አንዲት ካርድ ያወጣል። ስም፣ አድራሻ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የመኪና ዓይነት። ንቅሳት አለህ? ቅጽል ስምህ ማነው? ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት መለያ ቁጥርህስ? ከዚያ አንድ መስመር ይቀራል፦ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ትዊተር።

ልጁ ይናገራል። እኔም ብሆን እናገር ነበር። ሌሊት መንገድ ዳር ቆመህ የእጅ ባትሪ ፊትህ ላይ በርቶ «አልናገርም፣ መብቴ ነው» የሚል ወኔ ከየት ይመጣል? ስንቶቻችንስ ነን አለመናገር እንደሚቻል የምናውቀው?

ካርዷ ከኔ ምናብ የወጣች አይደለችም። ብሬናን ሴንተር የተባለው የሕግ ጥናት ተቋም በመረጃ ነፃነት ሕግ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ ያወጣቸውን ሰነዶች በ2021 ይፋ ሲያደርግ ነው ወጉ የታወቀው። በ2015 የነበሩት የፖሊስ አዛዥ የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ እንዲሰበሰብ በደብዳቤ አሳስበዋል። ከሳቸው በኋላ የመጡት አዛዥ ደግሞ በ2020 ካርዱ በሚገባ መሞላቱን አለቆች እንዲያረጋግጡ አዘዋል። ተቋሙ 40 የሚሆኑ ሌሎች ከተሞችን መመሪያ አገላብጦ፣ ካስቆሙት ሰው ሁሉ የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ ሰብስቡ የሚል ሌላ አላገኘም።

«ምን አለበት፣ ደብቄ የማደርገው ነገር የለኝ» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው 2020 ሦስት የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች እነዚህኑ ካርዶች በሐሰት ሞልተዋል ተብለው ተከሰሱ። የተጠቀሰው ጥፋት ያስቆሙት ሰው የወሮበላ ቡድን አባል መሆኑን ሳያምን «አምኗል» ብሎ መጻፍ ነው። ካርዷ ላይ የሠፈረው ደግሞ ካርዷ ላይ አይቀርም። በካሊፎርኒያ ደረጃ ፖሊሶች ወደሚጋሩት የወሮበሎች መዝገብ ይገባ ነበር። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ የመጡትን የመዝገቡ መረጃዎች ማንም እንዳይጠቀምባቸው ያገዱት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አስቡት። በስህተት በተሞላች ካርድ ላይ የልጁ ኢንስታግራም አለ። ኢንስታግራሙ ላይ የአጎቱ ልጅ አለ። የአጎቱ ልጅ ላይ ደግሞ እኔ አለሁ፤ ባለፈው ጥምቀት አብረን የተነሳነው ፎቶ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ። ግላዊነት ሲባል ሁላችንም የራሳችንን በር ነው የምናስበው። ፓስወርዴን አጠንክሬአለሁ፣ ፕሮፋይሌን ዘግቻለሁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን የኔ በር የሚዘጋው በኔ እጅ አይደለም። ካሉኝ ጓደኞች ሁሉ ቸልተኛው ነው ቁልፉን የያዘው። ነገሩ እንደ እድር ነው፤ አንዱ ሲያጓድል ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል።

ከሰው ወደ ሶፍትዌር

ቦብ ስሚዝ ቢያንስ ሰው ነበር። ሻይ ይጠጣል፣ ይደክመዋል፣ ስንቱን ያነባል? አሁን ግን ቦብን የሚተኩ ኩባንያዎች አሉ።

በ2016 የካሊፎርኒያ የሲቪል መብት ጠበቆች ጂኦፊዲያ የተባለ ኩባንያን ሥራ አጋለጡ። ኩባንያው ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራምና ከትዊተር ልጥፎችን እየቀዳ ካርታ ላይ ያስቀምጣል። ፖሊስ ካርታው ላይ ክብ ያሰምራል፤ ክቡ ውስጥ ያለ ሰው የለጠፈው ሁሉ ይመጣለታል። ከ500 በላይ የፖሊስና የጸጥታ ተቋማት ደንበኞቹ ነበሩ። ኩባንያው ራሱ ለገበያ ባዘጋጀው ጽሑፍ ላይ፣ በባልቲሞር ተቃውሞ ወቅት ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኙ ፎቶዎች በፊት መለያ ሶፍትዌር ተፈትሸው፣ የእስር ማዘዣ የወጣባቸው ሰዎች ከሰልፉ መሀል እንደተያዙ በኩራት ጽፏል። ፎቶውን የለጠፈችው ልጅ ምናልባት «እዚህ ነበርኩ» ማለቷ ነበር። ነገሩ ሲወጣ ሦስቱም ድርጅቶች መረጃ ቆረጡበት።

ከዚያ ሌላ መጣ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ2019 ቮየጀር ላብስ የተባለን ኩባንያ ሶፍትዌር ለወራት ሞክሯል። ሜታ፣ ማለትም የፌስቡክ ባለቤት፣ በ2021 ለሎስ አንጀለስ ፖሊስ «ሐሰተኛ አካውንት መክፈት አቁሙ» ብሎ ጻፈ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ቮየጀርን ራሱን ከሰሰ። በክሱ ላይ ኩባንያው ከ38,000 በላይ ሐሰተኛ አካውንቶችን ከፍቶ ከ600,000 በላይ ሰዎችን መረጃ ቀድቷል ይላል። 38,000 ቦብ ስሚዝ ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሜታ ጻድቅ ሆኖ ብቅ ማለቱ ትንሽ ያስቀኛል። ስለኛ ይህን ሁሉ መረጃ አንድ ቦታ ያከማቸው ማን ሆነና ነው? ጎተራውን የሠራው ሰው ስለ አይጥ ሲያማርር እንደመስማት ነው። ያም ሆኖ እስካሁን ፖሊስን «ተው» ያለው ከሕግ አውጪዎች ይልቅ በአብዛኛው ይኸው ኩባንያ መሆኑ ራሱ የሚያሳስብ ነገር ነው። ኩባንያ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ማን ይጠይቀዋል?

ሚኒያፖሊስንም ሳላነሳ አላልፍም፣ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ያለበት ከተማ ነውና። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ እዚያ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ የሚኒሶታ ግዛት የሰብዓዊ መብት መሥሪያ ቤት ፖሊሱን መረመረና በ2022 ሪፖርቱን አወጣ። ፖሊሶቹ በድብቅ አካውንቶች የጥቁር ድርጅቶችንና ግለሰቦችን ሲከታተሉ ነበር። የማኅበረሰቡ አባል መስለው መልእክት ይልካሉ፣ አስተያየት ይሰጣሉ፣ የተመረጡ ባለሥልጣናትን ይተቻሉ። ለጸጥታ የሚጠቅም ምክንያት እንዳልነበረው ሪፖርቱ በግልጽ አስቀምጧል። ማለትም አንዳንዴ ክርክር ውስጥ የሚያናድዳችሁ ሰው ደሞዝተኛ ሊሆን ይችላል። የደርግን ጊዜ ያዩ አባቶቻችን «ጆሮ ጠቢ» የሚሏት ቃል አለቻቸው። ጆሮ ጠቢው ያኔ ቀበሌ ነበር የሚቀመጠው። ቢያንስ መልኩ ይታወቃል።

በፊት ለፊት በር ሲመጡ

እስካሁን ያወራሁት በጓሮ ስለሚገባው ነው። ፖሊስ በፊት ለፊት በርም ይመጣል፤ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ወደ ኩባንያው ይሄዳል። ይህ ሕጋዊ መንገድ ነው፣ መኖሩም ተገቢ ነው። የልጅ ጠላፊ ሲፈለግ፣ በመልእክት የሚያስፈራራ ሰው ሲኖር፣ ሌላ ምን መንገድ አለ? ለዚህ የ1986 የአሜሪካ ሕግ አለ። ስምህንና የተመዘገብክበትን ስልክ ለማግኘት ቀለል ያለ ትእዛዝ ይበቃል፤ የጻፍከውን ለማንበብ ግን ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ይጠየቃል። ከ2021 ወዲህ ሜታ ከአሜሪካ መንግሥት አካላት ብቻ በየስድስት ወሩ 60,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ጥያቄ ይቀበላል። ከግማሽ የሚበልጡት «ለባለቤቱ እንዳትነግር» የሚል ትእዛዝ አለባቸው።

በ2022 ኔብራስካ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ፖሊስ አንዲት እናትና የ17 ዓመት ልጇን ከጽንስ ማቋረጥ ጋር በተያያዘ ይመረምራል። ማዘዣ ይዞ ወደ ሜታ ሄደ። ሜታ በሜሴንጀር የተጻጻፉትን አስረከበ። የእናትና የልጅ ጨዋታ፣ ቃል በቃል፣ የክስ ማስረጃ ሆነ። ሁለቱም ታሰሩ። ስለ ጉዳዩ ራሱ ሰው የተለያየ አቋም ይኖረዋል፤ እኔ የማነሳው የቴክኒኩን ነገር ነው። ያኔ ሜሴንጀር ላይ የሚጻፈው ካልተመረጠ በቀር አይቆለፍም ነበር። ኩባንያው ሊያነበው ይችላል፤ ሊያነብ የሚችል ደግሞ ሲታዘዝ ያስረክባል። ሜታ የሜሴንጀር የግል ጨዋታዎችን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነብ አድርጎ በራሱ መቆለፍ የጀመረው በ2023 መጨረሻ ነው።

ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ ተቆልፏል። ግን ጎግል ወይም አይክላውድ ላይ የሚያስቀምጠው ቅጂ የሚቆለፈው ራስህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስትቆልፈው ነው። አብዛኛው ሰው አይገባም።

እኛ የምንወደው ቴሌግራምስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ቴሌግራም ምስጢራዊ ነው» ሲባል እየሰማን አድገናል። ተራው የቴሌግራም ጨዋታ ግን እንደዚያ አልተቆለፈም፤ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ ለብቻው የምትከፍቱት ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው ነው። ግሩፕ በጭራሽ አይቆለፍም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ተይዞ ከነበረ በኋላ ኩባንያው ደንቡን ቀየረ። ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንብ የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (መሣሪያቸው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ለመንግሥት እንደሚሰጥ አስታወቀ። የሰፈር እቁባችን፣ የቤተ ክርስቲያን ግሩፓችን፣ የፖለቲካ ንትርካችን ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ፖሊሱ ሲለጥፍ

የነገሩ ሌላኛው ፊት ደግሞ አለ። ፖሊስ አንባቢ ብቻ አይደለም፤ ለጣፊም ነው። እንዲያውም ጎበዝ ለጣፊ ነው።

ከሎስ አንጀለስ ደቡብ ምሥራቅ ሙሪዬታ የምትባል ከተማ አለች። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ኃይል ባልተቀላቀለበት ወንጀል የተያዘን ሰው ፎቶ ፖሊስ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳይለጥፍ ይከለክላል፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር። የሙሪዬታ ፖሊስ ታዲያ ዘዴ አገኘ። የተያዙትን ሰዎች ፎቶ ለጠፈ፤ ፊታቸውን ግን በሌጎ አሻንጉሊት ጭንቅላት ሸፈነው። ቢጫ ክብ ፊት፣ አንዱ ያኮረፈ፣ አንዱ የደነገጠ። በ2024 ዓለም ሁሉ ሳቀ። ሌጎ ኩባንያ «እባካችሁ አሻንጉሊታችንን ተዉት» አላቸው፤ አቆሙ።

ያስቃል። ግን ሕጉ ለምን እንደወጣ የሚያሳይ ነገር ነው። የተያዘ ሰው ገና አልተፈረደበትም። ክሱ ነገ ሊሰረዝ ይችላል። ፎቶው ግን አይሰረዝም፤ ስክሪንሾት ተደርጎ፣ ሼር ተደርጎ፣ የሥራ ቀጣሪ ጎግል ላይ ስሙን ሲጽፍ ብቅ ይላል።

ይህ ነገር ለአገር ቤት አንባቢ እንግዳ አይደለም። የከተማና የክልል ፖሊሶችን የፌስቡክ ገጾች ክፈቱ። «ተጠርጣሪው በቁጥጥር ስር ዋለ» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ ሰውየው የተያዘበት ዕቃ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱ ተገልጦ። ጽሑፉ «ተጠርጣሪ» ይለዋል፤ ኮሜንቱ ደግሞ «ሌባ»፣ «ይሰቀል» ይላል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ችሎቱ አለቀ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሒደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን፣ በስልክም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚደረግን ግንኙነት ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ደህና ነው። ለፖሊስ ምን ያህል በር ይከፍታል፣ ምን ያህልስ ይዘጋል የሚለው ገና በሥራ የሚታይ ነው። የሜምፊስም ወረቀት ደህና ነበር።

አንድ ነገር ለፖሊስም ልመስክር። የጠፋ ልጅ ፎቶ በፌስቡክ ገጽ ሲበተን በሰዓታት ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መንገድ መዘጋቱን፣ አጭበርባሪ መኖሩን የሰማነው ከዚያው ነው። መሣሪያ ይዞ ቪዲዮ እየቀረጸ የሚፎክር ጎረምሳን ፖሊስ አይቶ ቢያስቆመው ማን ይከፋዋል? እኔ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የምታየው በማን ስም ሆነህ ነው? የትኛውን ወንጀል ብለህ ነው? ያየኸውን እስከ መቼ ታስቀምጣለህ? ለማንስ ታካፍላለህ? ለነዚህ በጽሑፍ መልስ ያለው የፖሊስ ጣቢያ እምብዛም ነው። መልሱን ሕዝብ እንዲያነበው ያወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

በነገራችን ላይ ለአሜሪካ ቪዛ ያመለከተ ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት ትምህርቱን ወስዷል። ከ2019 ጀምሮ ቅጹ ላይ የአምስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞችህን ትሞላለህ። በ2025 ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ፕሮፋይላቸውን ለሁሉም እንዲከፍቱ ተጠየቁ። ይህ የሰፈር ፖሊስ ሥራ አይደለም፤ ግን ካርዷና ቅጹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁት።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ለእድራችን ግሩፕ አድሚን ደወልኩ። እትዬ ነው የምላት፤ ግሩፑን የያዘችው እሷ ናት። ለቅሶ ይነገራል፣ የማን ልጅ ተመረቀ፣ አስክሬን አገር ቤት ለመላክ ስንት ተዋጣ፣ ማን መኖሪያ ፈቃዱ እንደተጓተተበት፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚወራው።

«እትዬ፣ ግሩፑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ውይ፣ እንዴት አላውቅም?» አለችኝ። ከዚያ ዝርዝሩን መውረድ ጀመረች። ጣቷ ስክሪኑን ሲነካ ይሰማኛል። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

«ይሄ አንበሳ ፎቶ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ ያስገባሽው።»

«አዎ... የጌታቸው ጓደኛ ነኝ ሲለኝ ነዋ።»

«የትኛው ጌታቸው?»

ስልኩ ላይ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። «እሱን አልጠየቅሁትም» አለችኝ።